የሐሙሷ ደብር

ቀሲስ ሲራክ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ሲገቡ፣ ቄስ መሆናቸውን ለማንም ላይናገሩ ቃል ገብተው ነበር። ቃሉን ያስገባቻቸው ሚስታቸው ንግሥት ናት።

ንግሥት ቤተ ክርስቲያን ጠልታ አይደለም። ጉለሌ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የቄስ ሚስት ሆና ኖራለች፤ የቄስ ሚስትነት ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ የኖረበት ብቻ ነው የሚያውቀው። ቀሲስ መቶ ስልሳ ቤተሰብ የንስሐ ልጆች ነበሯቸው። ስልካቸው የሚጮኸው ሰው ሲሞት ብቻ አልነበረም። ቤት የቀየረ ጠበል እንዲረጩለት ይደውላል፤ ሕልም ያየ ፍቺ ፍለጋ ይደውላል፤ ባልና ሚስት ፍሪጁ የት ይቀመጥ ብለው ተጣልተው ይደውላሉ። ልጃቸው ባርኮት የተወለደች ዕለት ቀሲስ የሰው ልጅ ሲያጠምቁ ውለው፣ የራሳቸውን ልጅ ያዩት በማግስቱ ነው። ንግሥት ይቺን ነገር ለአሥራ አምስት ዓመት አልረሳችም። በየዓመቱ በባርኮት ልደት፣ ልክ ኬኩ ሊቆረስ ሲል፣ ታነሳታለች።

ዲቪ የደረሳትም እሷ ናት። "ዲቪው የኔ ነው" አለቻቸው ቪዛው የተመታ ቀን። "ይዤ የምሄደው ባሌን እንጂ ደብሩን አይደለም። እዚያ ስንደርስ ቄስ ነኝ የሚል ቃል ካፍህ እንዳይወጣ። ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ የኔ ትሆናለህ። አንድ ቀን። በዛ?"

ቀሲስ አሰቡና አልበዛም አሉ።

ጋሃና የሚባል ሰፈር አፓርታማ ተከራዩ። ጥምጣሙ፣ ካባውና የእጅ መስቀሉ ከሻንጣ ሳይወጡ፣ ክሎዜት በሚሉት የልብስ ጓዳ ውስጥ ከምንጣፍ መጥረጊያው ቫኪዩም ጀርባ ተቀመጡ። ቀሲስ ጺማቸውን አሳጥረው፣ የሱፍ ኮፍያ ደፍተው፣ ሪከንባከር የሚባል አካባቢ አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ሥራ ያዙ። ጠዋት ጠዋት ዳዊታቸውን የሚደግሙት እዚያው ክሎዜት ገብተው፣ በሩን በላያቸው ላይ ዘግተው ነው። ሥራቸው ከዓርብ እስከ ማክሰኞ ነበር። ንግሥት ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች፤ ዕረፍቷ ሐሙስ ነው። ሐሙስ የሁለቱ ሆነ። ሐይቅ ዳር ይሄዳሉ፣ ሞል ውስጥ ምንም ሳይገዙ ይዞራሉ፣ አንዳንዴ ዝም ብለው እስከ ረፋድ ይተኛሉ። ንግሥት ፊቷ ወዛ፣ ሳቋ በዛ።

ሥራ ቦታ "ሀገር ቤት ምን ይሠሩ ነበር ጋሼ ሲራክ?" ሲሏቸው "አስተማሪ ነበርኩ" ይላሉ። ውሸት አልነበረም። "ምን ነበር የሚያስተምሩት?" ላለ ደግሞ "የጥንት ነገር" ይላሉ። ይህም ውሸት አልነበረም። አሥራ አራት ወር እንዲህ አለፈ።

ጉዳቸው የወጣው በኅዳር ነው፤ አሜሪካ በሙሉ የገና ዕቃ ኦርደር የሚያደርግበት፣ መጋዘኑ ውስጥ ሰው ቆሞ የማያስነጥስበት ሰሞን። ቀሲስ በቀኝ እጃቸው ስካነር ይዘው የሳጥን ቁጥር እያስነበቡ ነበር። ስካነሩ ሽጉጥ የሚመስል፣ ሲጫኑት ቀይ ብርሃን የሚተፋ ዕቃ ነው። ማራኪ የምትባል ፓኪንግ ላይ የምትሠራ ወጣት ሳጥን ታቅፋ በፊታቸው ስታልፍ፣ ያደታ የሚባል ሠራተኛ የሚነዳው የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ከጥግ ዱብ አለና ለጥቂት ሳታት። ሳጥኑ ከእጇ ወደቀ። "በስመ አብ!" ብላ ጮኸችና ሳጥኑን ልታነሳ በቀሲስ ፊት ጎንበስ አለች።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ "በስመ አብ" ብሎ በፊታቸው ያጎነበሰ ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እጃቸው እሳቸውን አላማከረም። ስካነሩን አነሣና የማራኪ ግንባር ላይ አሳረፈው፤ ቀጥሎ ከንፈሯ ላይ። እሷም ልማድ ሆኖባት ሳመችው። "እግዚአብሔር ይባርክሽ" አሉ ቀሲስ። ስካነሩ "ጢጥ" አለና እንዲህ ያለ ዕቃ መዝገብ ላይ እንደሌለ በስክሪኑ ጻፈ።

ሁለቱም ክው አሉ።

"ጋሼ ሲራክ" አለች ማራኪ ቀስ ብላ ቀና እያለች፣ "ምንድነው የሳምኩት?"

"ስካነር ነው።"

"እሱንማ አየሁት። አስተማሪ እንደዚህ ሲባርክ ግን አይቼ አላውቅም።"

ያደታ ፎርክሊፍቱን አጥፍቶ ወርዶ ነበር። በልጅነቱ ነቀምት በድቁና ያገለገለ፣ ዛሬ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነው። ኮፍያውን አወለቀና "ይፍቱኝ አባ" አለ።

ዝም ማለት አንድ ነገር ነው፤ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ክህነትን መካድ ግን ሌላ። ቀሲስ አንገታቸውን ደፍተው "እግዚአብሔር ይፍታህ" አሉ።

ከዚያ እስከ ምሳ ሰዓት ማራኪ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍታ ጨርሳ ነበር። ቀሲስ ሳንድዊቻቸውን ይዘው ብሬክ ሩም ሲገቡ አሥራ አንድ ሐበሻ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

"ተቀመጡ፣ ተቀመጡ! ሱፐርቫይዘሩ ያየናል።"

"አባ፣ ሦስት ዓመቴ ነው" አለች ማራኪ ወንበር እየሳበችላቸው። "ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሴ የምሰማው በዩቲዩብ ነው። እሱም መሐሉ ላይ የመኪና ኢንሹራንስ ማስታወቂያ ይገባበታል።"

"ከተማው ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አለ አይደል እንዴ?"

"አለ። ግን እሑድ ነው። እሑድ እኛ እዚህ ነን።"

ቀሲስ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባቸው። "ልጆቼ፣ ደብር እንዲሁ ብድግ ተብሎ አይተከልም። መጀመሪያ ብፁዕ አባታችን መፍቀድ አለባቸው።"

"ኢሜይል አድርጌላቸዋለሁ።"

"መቼ?"

"አሁን። ማይክሮዌቭ ስጠብቅ።"

"ዲያቆንስ?"

ያደታ እጁን አወጣ። ትምህርት ቤት ያለ ይመስል ጣቱን እያወዛወዘ።

"ቦታስ? ቦታ የት አለ?"

"ጋሼ ሁሴንን ኮል አድርጌያቸው ነበር" አለ ያደታ። "ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ የሠርግ አዳራሽ ያላቸው የወሎ ሰው ናቸው። ለቄሱ ከሆነ ዛሬውኑ ቁልፉን ውሰዱ አሉኝ።"

ቀሲስ የቀራቸው አንድ መውጫ ነበር። "እሺ፣ ቀኑስ? ከዓርብ እስከ ማክሰኞ ሥራ ናችሁ። ረቡዕ እንቅልፋችሁን ትተኛላችሁ…"

"ሐሙስ!" አሉ አሥራ አንዱም።

ቀሲስ ሳንድዊቻቸውን መልሰው አስቀመጡት። ሚስቴን ልጠይቅ ማለት ነበረባቸው። ግን አሥራ አንድ ሰው፣ ገሚሱ የፕላስቲክ ሹካ በእጁ እንደያዘ፣ ዓይኑን ተክሎባቸዋል። አንዷ ሴትዮ ገና ምንም ሳይወሰን ማልቀስ ጀምራለች። "እስቲ እግዚአብሔር ያውቃል" አሉ። በቄስ አፍ ይህ እሺ ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ማታ ለንግሥት "ሐሙስ ጠዋት ትርፍ ሰዓት ልሠራ ነው" አሏት። ቃላቱን መኪና ውስጥ ሲመርጡ ነው የመጡት፤ ትርፍ ሰዓት ነው፣ ሥራም ነው። "እስከ ስንት ሰዓት?" አለች። "ረፋድ ላይ እመለሳለሁ።" ንግሥት ፊቷን ቅጭም አደረገች እንጂ አልተጣላችም። እሷ ሻወር ስትገባ ቀሲስ ካባቸውን ከቫኪዩሙ ጀርባ አውጥተው በምሳ ቦርሳቸው ውስጥ ጠቀጠቁት። ቦርሳው እርጉዝ መሰለ።

ሐሙስ ገና ጎሕ ሳይቀድ ያደታ በመኪናው ወሰዳቸው። ጋሼ ሁሴን አዳራሹ በር ላይ ካፖርታቸውን ለብሰው ቆመው ነበር፤ ስድሳ የተሻገሩ፣ ሲናገሩ እጃቸው የማያርፍ ሰው ናቸው።

"እንኳን ደህና መጡ አባ! ሐሙስ ማን ያገባል? አዳራሹ ባዶውን ነው የሚውለው። ምንጣፉንም አስጠርጌዋለሁ፤ ጫማ ማውለቁን እናንተም ታውቁበታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ይቅር በሉኝ።"

አንዱ ነገር ግድግዳው ላይ ነበር። በልብ ቅርጽ የተጠማዘዘ ሮዝ መብራት "ጀስት ሜሪድ"፣ ገና የተጋቡ፣ ይላል። ገመዱ ከአዳራሹ መብራት ጋር አብሮ ስለተቀጠለ እሱን ማጥፋት ሁሉንም ማጥፋት ነው። ማራኪ ነጠላዋን አውልቃ ብትሸፍነው ነጠላው ራሱ ሮዝ ሆነ።

ቅዳሴ አልነበረም፤ ያለ ጳጳስ ፈቃድ፣ ያለ ታቦት ቅዳሴ የለም። ኪዳን አደረሱ፣ ወንጌል ተነበበ። ያደታ "ጸልዩ!" ሲል ፎርክሊፍት ወደ ኋላ እየነዳ ሰው የሚያስጠነቅቅ ነበር የሚመስለው። ቀሲስ "ሰላም ለኩልክሙ" ሲሉ ሕዝቡ ሦስት ቦታ ተከፈለ፤ ገሚሱ "እግዚኦ ተሣሃለነ" አለ፣ ገሚሱ "አሜን" አለ፣ አንድ ሰውዬ ደግሞ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብሎ እንደ ሰላምታ መለሰ። ቢሆንም ቀሲስ የገዛ ድምፃቸው ከጣራው ተመልሶ ሲመጣ ሰሙ። ከክሎዜት ድምፅ አይመለስም፤ ልብስ ይውጠዋል።

በስድስተኛው ሐሙስ ሰዉ ስልሳ ደርሶ ነበር። ከሌሎች መጋዘኖች መጡ፣ ታክሲ የሚነዱ መጡ፣ ዳውንታውን ሆስፒታል ሌሊት የሚያድሩ ነርሶች ዩኒፎርማቸውን ሳይቀይሩ መጡ። ቀሲስ ግን በየሳምንቱ ረፋድ ላይ እየሮጡ ቤት ይገባሉ፣ ከንግሥት ጋር ሐይቅ ዳር ይሄዳሉ፣ እዚያም መኪናው ውስጥ ወንበራቸውን አስተኝተው ያንኮራፋሉ።

አንድ ማክሰኞ ማታ ሦስቱም መኪና ውስጥ እያሉ ባርኮት ከኋላ ወንበር አየሩን አሸተተች። የአባቷ ጃኬት አጠገቧ ነበር።

"ዳድ፣ ዋይ ዱ ዩ ስሜል ላይክ ቸርች?" አለች፤ ለምን ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ትሸታለህ ማለቷ ነው።

"ምን አለች?" አለች ንግሥት። የሆቴል እንግሊዝኛዋ ከቀሲስ በእጅጉ ይሻላል።

"ሻወር ውሰድ ነው የምትለኝ።"

ይቺ ግን ውሸት ነበረች። እነዚያን ሁሉ ሳምንታት ተጠንቅቀው ተጠንቅቀው፣ አንዲት መስቀለኛ መንገድ ላይ አመለጠቻቸው። ንግሥት ወደ መስኮቱ ዞረች።

በኋላ እንደነገረቻቸው፣ ሐሙስ ጎሕ ሳይቀድ ከያደታ መኪና ኋላ ኋላ ነዳች። ሪከንባከር በደቡብ ነው፤ ያደታ ወደ ሰሜን ታጠፈ። ያኔ ልቧ የት እንደነበር አትጠይቀኝ አለች።

ቀሲስ ግን ያዩት ይህን ብቻ ነው። ካባቸውን ለብሰው፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ ሮዝ ብርሃን ጺማቸውን እያቀላው፣ ወደ ሕዝቡ ዞረው "ሰላም ለኩልክሙ" አሉ። የአዳራሹ በር ተከፈተ። ንግሥት ቆማለች፤ ካፖርቷን በቢጃማዋ ላይ ደርባለች። ዓይኗ ከባሏ ተነሥቶ በላያቸው ወዳለው ጽሑፍ ወጣ፣ ተመልሶ ወረደ። ሕዝቡም እንደ ወትሮው ሦስት ቦታ ተከፍሎ ተንጫጫ።

"ምስለ መንፈስከ!" የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ጥርት ያለ፣ በዜማው፣ ሁሉንም የሚያስከነዳ።

ስልሳ ሰው ዞረ። ንግሥት እጇን አፏ ላይ ጫነች። የዚህን ያህል የተሳሳተ ተሰጥዎ ሰምታ ዝም ማለት አልቻለችም ነበር፤ ልትጮህባቸው አፏን ስትከፍት የወጣው ይሄ ሆነ። ከዚያ የካፖርቷን ኮፍያ ራሷ ላይ ሳበችና ከሴቶቹ ጋር ቆመች።

ቀሲስ ጸሎቱ እንዳያልቅ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። ወንጌሉን በዝግታ አነበቡ። አሥር ደቂቃ የሚፈጀውን ስብከት ከአዳም ጀመሩት። ኖኅ መርከቡን ሠርቶ ሳይጨርስ ያደታ ቆሞ ማንቀላፋት ጀመረ። ማራኪ ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ "አባ ዛሬ ምን ነካቸው?" አለች። ዞሮ ዞሮ ጸሎት ያልቃል።

ንግሥት አዳራሹ ኩሽና ውስጥ፣ የሠርግ ድስቶች መሐል ቆማ ጠበቀቻቸው።

"ትርፍ ሰዓት" አለች።

"ንግሥት፣ ስሚኝማ…"

"'ጀስት ሜሪድ' የሚል መብራት ሥር ነው ያገኘሁህ! ካገባሁህ ሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ለኔ እንደዚህ ያለ መብራት አብርተህልኝ ታውቃለህ? አንዲት ሴት ብትሆን እኮ ፀጉሯን ይዤ እጣላት ነበር። ከስልሳ ሰው ጋር እንዴት አድርጌ ልጣላ?"

ቀሲስ መስቀላቸውን በእጃቸው ውስጥ አገላበጡ። "ስልኩ አልናፈቀኝም" አሉ። "ቀብሩም፣ ሽምግልናውም አልናፈቀኝም። እውነቴን ነው። ግን 'ሰላም ለሁላችሁ' ብዬ የሚመልስልኝ ማጣት… አሥራ አራት ወር ሙሉ ክሎዜት ውስጥ ስለው ከርሜ ነበር።"

"አውቃለሁ። ከቫኪዩሙ ጋር ስታወራ እሰማህ ነበር።" ድምፅዋ ትንሽ ወረደ። "ለምን አልነገርከኝም?"

"እምቢ ብትዪኝ ልተወው ነው። መተው ፈራሁ።"

ንግሥት አንድ የድስት ክዳን አነሣች፤ ቀሲስ ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ። እሷ ግን መልሳ ድስቱ ላይ ከደነችው። "ባርኮት ስትወለድ…" ብላ ጀመረችና ተወችው። የልደት ቀን ሳይሆን ይቺን ነገር ያነሣቻት ያን ቀን ብቻ ነው።

ይኼኔ ጋሼ ሁሴን ሻይ በሰሃን ይዘው ገቡ። የሆነውን ከበሩ ኋላ ሰምተዋል፤ ያልሰሙ ለመምሰልም አልሞከሩም። "አብሽሪ እትዬ ንግሥት። ሰውዬው ምንም አላጠፋም፣ ጸለየ እንጂ። ስንቱ ባል ሐሙስ ጠዋት የት እንደሚሄድ ብነግርሽ!"

ንግሥት ሻዩን ተቀበለች። "ጋሼ ሁሴን፣ አዳራሹን እስከ ስንት ሰዓት ነው የፈቀዱላቸው?"

"እስከፈለጉ ነዋ!"

"አይደለም። በሐበሻ አራት ሰዓት ሲሆን በሩን ይቆልፉልኛል።"

ሻይዋን ጠጥታ ጨርሳ ወደ አዳራሹ ወጣች። ሰው ሁሉ ዳቦ እየቆረሰ ነበር። ፊታቸው ቆመች፤ ቢጃማዋ ከካፖርቷ ሥር ሁለት ጣት ያህል ይታያል።

"የቀሲስን ስልክ ቁጥር የያዛችሁ አውጡና አጥፉት። አሁን። እኔ እያየሁ።" ስልሳ ሰው ስልኩን አወጣ። "ከዛሬ ጀምሮ እሳቸውን የፈለገ ለኔ ይደውላል። ሐሙስ ከአራት ሰዓት በኋላ ግን ሰማይ ቢደፋ እንዳትደውሉ፤ ባሌ ጋ ነኝ። ደግሞ ተሰጥዎውን የት ነው የተማራችሁት?" ያደታ መሬት መሬት አየ። "ረቡዕ ማታ እዚህ እንገናኝ። ከ'ምስለ መንፈስከ' እንጀምራለን።"

እንዲህ ሆኖ ስልኩ በንግሥት ቦርሳ ውስጥ ይጮህ ጀመር። አንዱ ጋራዡን ማን ይጠቀምበት በሚል ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ሲደውል ንግሥት አንሶላ እያነጠፈች ሰምታ፣ አንሶላው ሳያልቅ ታስታርቃቸዋለች። ቀሲስ ዘንድ የሚደርሰው ከአሥሩ አንዱ ቢሆን ነው። ንስሐ የሚገባ ሰው ብቻ፣ እሱም ንግሥት "ይሄስ የሱ ሥራ ነው" ካለች በኋላ።

ከሀገረ ስብከቱ መልስ የመጣው በአራተኛው ወር ነው። ብፁዕ አባታችን ፈቅደዋል፤ ደብሩ በማን ስም እንደሚተከል ግን ይነገረን ይላል። ያኔ ጉድ ፈላ። ማራኪ ገብርኤል ካልሆነ አለች፤ ያደታ ኪዳነ ምሕረት አለ፤ ነርሶቹ አርሴማ አሉ፤ ታክሲ ነጂዎቹ በአንድ ድምፅ ጊዮርጊስ አሉ። ሁለት ሐሙስ ሙሉ ሰው ከሰው ሳይነጋገር ዳቦ ቆረሰ። በመጨረሻ ንግሥት ዕጣ ይጣል አለች። ጋሼ ሁሴን ብጣሽ ወረቀትና ባዶ የከረሜላ ጎድጓዳ ሳህን ከቢሯቸው አመጡ፤ ጸሎት ተደረገ፤ አንዲት ሕፃን እጇን ሰድዳ አወጣች። ቀሲስ ወረቀቱን ገለጡ።

"ሩፋኤል" አሉ።

ሰዉ ተያየ። ሩፋኤል ያለ ሰው አልነበረም።

"ማን ነው የጻፈው?" አለች ንግሥት።

ጋሼ ሁሴን ከበሩ አጠገብ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔ ነኝ። ወረቀት ተረፈኝና… ሀገር ቤት እኛ ሰፈር ያለችው ሩፋኤል ናት። ስትታደስ አባቴ ድንጋይ ሲያቀብል ነው የከረመው። ጥፋት ከሆነ ድገሙት።"

ታክሲ ነጂዎቹ ጥፋት ነው፣ ይደገም አሉ። ቀሲስ ወረቀቱን አጥፈው በዳዊታቸው ውስጥ አስገቡት። "ጸልየናል፣ ዕጣ ጥለናል፣ ወጥቷል" አሉ። "መልአኩን ደጅ ላይ እናቁመው እንዴ?" ታክሲ ነጂዎቹም አሜን አሉ። ቢሆንም እስከ ዛሬ ከተማው ውስጥ ሩፋኤል ብሎ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም የሐሙሷ ነው የሚላት።

የመጀመሪያው ቅዳሴ በሚያዝያ ሆነ። ከክሊቭላንድ ከተማ ካህናትና ዲያቆናት ታቦቱን አክብረው መጡ። ሁለት መቶ ሰው የማይሞላ ሕዝብ፣ ገሚሱ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ገሚሱ ማታ ሊገባ፣ ቆሞ አስቀደሰ። "ሰላም ለኩልክሙ" ሲባል አንድ ሰው እንኳ አልተሳሳተም። ሊሳሳት የከጀለም ካለ፣ ንግሥት ፊት ለፊት ቆማ ነበር።

ሰዉ ከተሸኘ በኋላ ቀሲስ ከአዳራሹ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ዘረጉ። ቁርጭምጭሚታቸው አብጧል። ንግሥት መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ባርኮት ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ ከማራኪ ጋር ፎቶ ትነሣለች።

"ደከመህ?"

"ደከመኝ።"

"ቤት እንሂድ ወይስ ሐይቁ ጋ?"

ቀሲስ ወደ እሷ ዞሩ። "አንቺስ የት ትፈልጊያለሽ?"

ንግሥት ጫማዋን አውልቃ እግሯን ከእግራቸው ጎን ዘረጋች። የሚያዝያ ፀሐይ አስፋልቱን ገና ማሞቅ መጀመሯ ነው። "ትንሽ እዚሁ እንቀመጥ" አለች።